ሻንጣ ሙሉ ሮኬት፣ ሞተር ግን የለም

ጎረቤታችን ከአሜሪካ ጠቅልለው ሲገቡ ሰፈሩ ሁሉ ያየው ሻንጣቸውን ነው። ሦስት ትልልቅ ሻንጣ። እዚህ ድሬዳዋ፣ በእኛ ሰፈር በከዚራ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ሻንጣ ሲከፈት ምን እንደሚወጣ ይታወቃል፤ ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ፣ ቫይታሚን። ከአንደኛው ሻንጣ የወጣው ግን ረጃጅም የወረቀት ቱቦ፣ የፕላስቲክ ሾጣጣ፣ እንደ ብስኩት የሳሳ እንጨትና የተጣጠፈ የላስቲክ ፓራሹት ነበር። ሮኬት። ግማሹ ተሠርቶ ቀለም የተቀባ፣ ግማሹ ከነማሸጊያው።

«ሞተራቸውስ?» አልኳቸው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ መጀመሪያ የታየኝ እሱ ነው።

«ሞተሩን አውሮፕላን ላይ አያስጭኑም» አሉኝ። «ባሩድ ነዋ።»

እውነታቸውን ነው። የሮኬት ሞተር በእጅ ቢይዙትም ሻንጣ ውስጥ ቢከቱትም በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ስለዚህ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቡትን ይዘው ድሬ ሲገቡ፣ ወደ ሰማይ የሚያነሳው ነገር እዚያው ቀረ። መደርደሪያ ላይ ደረደሯቸው። የሰፈሩ ልጆች መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ሳምንት ሳይሞላ ስማቸው «ጋሽ ሮኬት» ሆነ። እውነተኛ ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይፈልጉም፤ እኔም ልጆቹ ባወጡላቸው ስም ልቀጥል።

ጋሽ ሮኬት ከድሬ የወጡት በወጣትነታቸው ነው፣ በዚያ ጊዜ እንደወጣው ብዙ የድሬ ልጅ በጅቡቲ በኩል። ሮኬት የጀመሩት ደግሞ ለራሳቸው አልነበረም። ልጃቸው 10 ዓመት ሲሞላው ከመጫወቻ ሱቅ አንድ ገዙለት፣ አብረው ሠሩት፣ አብረው ሜዳ ሄዱ። ልጁ ሁለት ሦስት ዓመት ተጫውቶ ተወው። አባት ቀሩ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ይህ በጣም የተለመደ ነው ይላሉ፤ ለልጃቸው ብለው ገብተው እዚያው የሸበቱ አባቶች ብዙ ናቸው።

ለማያውቀው ሰው ስለ ነገሩ ትንሽ ልበል። ሞዴል ሮኬት ከወረቀት፣ ከፕላስቲክና ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት ይሠራል። ሞተሩ አውራ ጣት የሚያክል የወረቀት ቱቦ ነው። ታች የሸክላ ቀዳዳ አለው፣ በላዩ የሚገፋው ባሩድ፣ ከዚያ በላይ ቀስ ብሎ የሚነድ ማዘግያ፣ መጨረሻ ላይ ፓራሹቱን ገፍቶ የሚያስወጣ ትንሽ ባሩድ። ሮኬቱ ይወጣል፣ ግፊቱ ያልቃል፣ በያዘው ፍጥነት ትንሽ ይንሸራተታል፣ ከዚያ አፍንጫው ተከፍቶ ፓራሹት ይዘረጋል። ሞተር ይቀየርለትና ደግሞ ይነሳል። የሞተሩ ጉልበት በፊደል ነው የሚጻፈው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ፊደል ከቀደመው እጥፍ ነው። ኤ እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10። ሞተሩ ላይ ሲ6-5 የሚል ካየህ 6 አማካይ ግፊቱ ነው በኒውተን፣ 5 ደግሞ ግፊቱ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ። እኔ ይህን ሳውቅ ደስ ነው ያለኝ። አንድ ሙሉ የፊዚክስ ምዕራፍ በአንድ የወረቀት ቱቦ ላይ ተጽፎ።

አጀማመሩም ደስ ይላል፣ ያሳዝናልም። ሶቭየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ስታመጥቅ የአሜሪካ ታዳጊዎች እኛም ሮኬት እንሥራ ብለው ተነሱ። ቧንቧ ውስጥ የክብሪት ጫፍና ያገኙትን ዱቄት እየጠቀጠቁ። ጣት የተቆረጠበት፣ ዓይን የጠፋበት ልጅ ብዙ ነው። መፍትሔው ግን አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፣ ያውም በጫማ ነጋዴ። ኦርቪል ካርላይል ይባላል፣ ነብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ጫማ ይሸጥ ነበር። በ1954 ከወንድሙ ጋር ሆኖ ብረት የሌለበት፣ ሞተሩ የሚቀየር፣ በፓራሹት የሚመለስ ሮኬት ሠራ። ሃሪ ስታይን የሚባል በሚሳይል መሞከሪያ ጣቢያ የሚሠራ ሰው ስለ እንዲህ ያለ አደጋ በመጽሔት ላይ የጻፈውን ካርላይል አነበበና ሮኬቱን ላከለት። ስታይን የደህንነት ደንቡን ጻፈ፣ ማኅበር መሠረተ፣ በ1957። ቀጥሎ ቨርን ኤስተስ መጣ፤ በጥቂት ሰከንድ አንድ ሞተር የምትጠቀጥቅ ማሽን ሠራ፣ ስሟን ሜብል አላት። ከዚያ በኋላ የልጅ እጅ ባሩድ መንካት ቀረ። ልጁ ወረቀቱን ይሠራል፣ ባሩዱን ማሽን። ሲተኩስ ደግሞ 4.5 ሜትር ያህል ርቆ በባትሪ ነው።

እነዚያ የስፑትኒክና የአፖሎ ልጆች ናቸው ዛሬ የሸበቱት።

ጋሽ ሮኬት ስለ መጨረሻው የሜዳ ቀናቸው አንድ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነገሩኝ። ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ወሬው ስለ ጉልበት ሕመም ነው፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ዓይን ሞራ። ሮኬቱ ሲወርድ ሄዶ የሚያነሳ ጠፋ። ድሮ ልጆች ነበሩ የሚሮጡት። አሁን ሰዉ ሮኬቱ ሩቅ እንዳይሄድበት ትንሽ ሞተር ይመርጣል፣ ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ እግሩ ነው።

ሌላም ነገሩኝ፣ እሱ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ጓደኛቸው ሞተ። ቤተሰቡ ክለቡን ጠርቶ ጋራዡን አውጡልን አለ። በመቶ የሚቆጠር ሮኬት፣ ያልተከፈተ ማሸጊያ፣ ሙጫ፣ ቀለም። የክለቡ ሰዎች መጥተው ተከፋፈሉት። «አየህ» አሉኝ፣ «ከአንድ ሽማግሌ ጋራዥ ወደ ሌላ ሽማግሌ ጋራዥ ነው የሄደው። እኔም ድርሻዬን ወስጃለሁ። ሌላው ሲሞት ደግሞ ይዞራል። አንዱም ወደ ልጅ አልሄደም።» ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ምን እንደምል ጠፋኝ።

ከዚያ ማታ በኋላ ነው ይህንን ለመጻፍ ያሰብኩት።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ሽበቱ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰው ድሮም ገብቶ ይወጣል፣ ወጥቶም ይመለሳል። በልጅነቱ ይጀምራል፣ ወደ ሥራና ትዳር ሲገባ ይተወዋል፣ 40 ሲሞላው የራሱን ልጅ ይዞ ይመለሳል። እንዲያውም ለተመላሾቹ ስም አላቸው፤ «ዳግም የተወለዱ» ይሏቸዋል። በ1990ዎቹ እንዲህ ያለ ሰው ጎርፎ ነበር። ስለዚህ ሜዳ ላይ ሽማግሌ ማየት በራሱ የሞት ምልክት አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሰው የሚመለሰው ወደሚያውቀው ነገር ነው። በ10 ዓመቱ ያልነካውን በ40 ዓመቱ ከየት ይመለስበታል? ስለዚህ ዛሬ ልጅ ሳይነካው ያለፈ አንድ ዓመት፣ ከ30 ዓመት በኋላ ማንም የማይመለስበት አንድ ዓመት ነው።

ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ሮኬቱ እያደገ መሄዱ ነው። ሽማግሌው ጊዜ አለው፣ ትንሽ ገንዘብም አለው፣ የወረቀቱ ሰልችቶታል። ስለዚህ ትልቁን ይሠራል። እዚያ አገር እስከ 1.5 ኪሎ የሚመዝን፣ ከ125 ግራም የማይበልጥ ባሩድ የያዘ ሮኬት ያለ ብዙ ጣጣ ይተኮሳል። ከዚያ በላይ ከሆነ የአየር ክልል ፈቃድ አለ፣ የብቃት ደረጃ አለ፣ ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፣ ከተማው ደግሞ ሜዳውን እየበላ ነው። ትልቁ ሮኬት ያምራል፣ አልክድም። ቪዲዮውን አሳይተውኝ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ግን የ10 ዓመት ልጅ ከአጥር ውጭ ቆሞ የሚያየው ነገር ነው። የልጅ ልብ የሚያዘው በራሱ ሙጫ ያጣበቀው ነገር ሲነሳ ነው።

የሚያጽናና ነገርም አለ። እዚያው አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ የተማሪዎች ውድድር ይካሄዳል፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቡድን ይመዘገባል። ሮኬታቸው እንቁላል ተሸክሞ ወደተባለው ከፍታ ይወጣና እንቁላሉ ሳይሰበር በተባለው ጊዜ ይወርዳል። ከፍታው በየዓመቱ ስለሚቀየር ያምናውን ሮኬት ይዘው መምጣት አይችሉም። ደግሞ ያ ሜብል ያለችበት የኤስተስ ኩባንያ በ2018 ለላንግፎርድ ቤተሰብ ተሸጠ። ጆን ላንግፎርድ በልጅነቱ በዚሁ ሮኬት ያደገ ሰው ነው። አድጎ በሰው እግር ጉልበት የሚበረውን ዴዳለስ የተባለ አውሮፕላን የሠራውን ቡድን መራ፣ የአውሮፕላን ኩባንያ አቋቋመ፣ በመጨረሻም የልጅነት ሮኬቱን ፋብሪካ ከቤተሰቡ ጋር ገዛው። ዳግም መወለድ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

አሁን ወደ ድሬ ልመለስ።

ስለ ጋሽ ሮኬት ሳስብ አባቴ ይመጣብኛል። አባቴ የባቡር ሰው ነበር። ይህች ከተማ በባቡር የተወለደች ናት፣ ሐዲዱ በ1902 ሲደርስ። አባቴ ወርክሾፑ ውስጥ ኖረ ብል ይቀለኛል። የፉርጎውን እግር በመዶሻ መታ ያደርግና ጆሮውን ያቀናል። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው። ደፈን ካለ ስንጥቅ አለው ማለት ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በጆሮው ያገኛል። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ቆሜ አየው ነበር። አንድ ቀንም «እስቲ እኔ ልምታው፣ እንዴት እንደሚሰማ አሳየኝ» አላልኩትም። አሁን በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሌላ ባቡር አለ፣ ሌላ ሐዲድ፣ ጥሩ ነገር ነው። አባቴ ግን ያንን ድምፅ ይዞት ሄደ። ቢጽፈው እንኳ አይጻፍም። ድምፅ እንዴት ይጻፋል?

የሮኬቱም ነገር እንደዚያው ነው። መጽሐፍ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ቀመሩ አለ። ግን ሙጫው ስንት እንደሚበቃው፣ ፓራሹቱ እንዴት ከታጠፈ እንደማይጣበቅ፣ ይኼ አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚታየው።

ታዲያ አንድ ቀን ለጋሽ ሮኬት እንዲህ አልኳቸው፤ «እዚያ ሮኬት አለ፣ ልጅ የለም። እዚህ ልጅ አለ፣ ሮኬት የለም።» ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው፤ ከዚራ ውስጥ ደግሞ ሁሉም በር ላይ ያለ ነው የሚመስለው። ሳቁና «ሞተሩን ከየት እናመጣለን?» አሉኝ። ሞተር አናመጣም። ባሩድም አንነካም። ይህንን በደንብ ልናገር፤ ይህን የሚያነብ ልጅ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ ቤት ውስጥ ዱቄት ቀላቅላችሁ ቧንቧ እንዳትጠቀጥቁ። ያ መንገድ በ1957 ተሞክሯል፣ ውጤቱ ጣት ነው።

እኛ የያዝነው ውኃና አየር ነው። የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የብስክሌት መንፊያና ከጎሚስታ የተገኘ ቫልቭ። ሃይላንድ አይሆንም፣ ስስ ነው። የለስላሳው ግን ጋዝ እንዲችል ተብሎ ስለሚሠራ ግፊት ይሸከማል። የተጫጫረ ወይም የተጨራመተ ጠርሙስ ግን አንነካም። ክንፉ ከካርቶን፣ ፓራሹቱ ከፌስታል፣ የፓራሹቱ ገመድ ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘ ክር።

የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ነበር። በድሬ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አታስቆምም፣ ከሰዓት ደግሞ ከተማው ራሱ በሩን ዘግቶ ይጋደማል። የትምህርት ቤት ሜዳ ለመንን። 11 ልጅ መጣ። መጀመሪያ ውኃ ሳንጨምር አየር ብቻ ነፋንና ለቀቅነው። ፖፍ አለና ጥቂት ሜትር ዘሎ ወደቀ። ልጆቹ «አቦ፣ ይኼ ነው እንዴ?» አሉ። ቀጥሎ ጠርሙሱን አፉ ድረስ ውኃ ሞላነው። ይባስ ብሎ መሬቱን አረጠበና ጎኑ ላይ ተጋደመ። ሦስተኛው ላይ ሲሶውን ውኃ፣ ቀሪውን አየር። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ። አንዱ ልጅ መንፊያውን ይነፋል፣ ሌሎቹ ይቆጥራሉ። የጠርሙሱን አፍ የዘጋው ቡሽ ሲያመልጥ የሰማሁት ድምፅ ምን ልበላችሁ፣ ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ነው። ጠርሙሱ ከዓይናችን ጠፋ። ውኃው ልጆቹ ላይ ዘነበ። ከዚያ ጩኸት ሆነ።

ሦስተኛውን የኒውተን ሕግ፣ ለእያንዳንዱ ግፊት እኩልና ተቃራኒ ግፊት አለ የሚለውን፣ እነዚህ ልጆች በእንግሊዝኛ ሸምድደውታል። ፈተና ላይ ሳያነጥሱ ይጽፉታል። ያን ቀን ግን አንዱ እርጥብ ፊቱን እየጠረገ «ቲቸር፣ ውኃው ከባድ ስለሆነ ነው አይደል አጥብቆ የገፋው? አየሩ ብቻውንማ ምን ክብደት አለው» አለኝ። ስንት ዓመት አስተምሬ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ከፍታውን የምትለካው አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት። ፕሮትራክተር ላይ ክር አስራ፣ ክሩ ጫፍ ላይ ዳዶ አንጠልጥላ፣ ከማስወንጨፊያው 30 ሜትር ርቃ ትቆማለች። ሮኬቱ ጫፉ ሲደርስ በፕሮትራክተሩ ጠርዝ አነጣጥራ ክሩን በጣቷ ትይዘዋለች። 40 ዲግሪ አለች። ደብተሯ ላይ አሰላች፤ 25 ሜትር፣ የራሷን ቁመት ስትጨምር 26 ተኩል። ልጆቹ አላመኗትም። ስምንት ፎቅ ነው ስላቸው ዝም አሉ።

ግን የልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ልጅ የሠራው ሮኬት ተነሥቶ በአየር ላይ ተገላበጠና እንደ ሰከረ ሰው ዞሮ ዞሮ ወደቀ። ክንፉ ትልቅ ነው፣ ቀለሙ አምሯል፣ ልጁ ሊያለቅስ ደርሷል። ጋሽ ሮኬት ወንበራቸው ላይ ሆነው «እስቲ አምጣው» አሉት። ጠርሙሱን አንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኑን የሚጠብቅበትን ቦታ ፈለጉ። እዚያ ላይ ክር አሰሩ። ተነሡና ክሩን ረዘም አድርገው በራሳቸው ዙሪያ ማዞር ጀመሩ፣ እንደ ቡሄ ጅራፍ ቀስ እያሉ። ሮኬቱ በጭራው ነበር የሚዞረው፣ የኋሊት። ቆሙ። ከቧንቧው ሥር እርጥብ ጭቃ ዘገኑና አፍንጫው ውስጥ ጠቀጠቁ። ሚዛኑን እንደገና ፈለጉ፣ አሁን ወደ ፊት ሄዷል። ክሩን ወደዚያ አዛወሩት። እንደገና አዞሩት። አንዴ ሁለቴ ተንገዳገደና አፍንጫው ወደ ፊት ዞረ፣ እንደዚያው ቀጥ ብሎ ከበባቸው። «አሁን ይሄዳል» አሉት።

ሄደ።

ነገሩ ቀላል ነው። ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነፋሱ ከሚገፋበት ቦታ ፊት መሆን አለበት፣ ቢያንስ በሮኬቱ ውፍረት ያህል። ጄምስ ባሮውማን የሚባል መሐንዲስ በ1966 ይህን በወረቀት የሚያሰላ ቀመር ለሞዴል ሮኬተኞች አውጥቷል። ዛሬ ደግሞ ኦፕንሮኬት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፊንላንድ ውስጥ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ሆኖ በ2009 የተጀመረ። ሮኬትህን በኮምፒውተር ትስላለህ፣ የት እንደሚገለበጥ፣ ስንት ሜትር እንደሚወጣ ይነግርሃል። ከትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ጭነነው ልጆቹ መደርደሪያ ላይ ላሉት የጋሽ ሮኬት ሮኬቶች በሐሳብ ሞተር እየገጠሙ ያስወነጭፏቸዋል። ባሩድ ሳይኖር፣ ፈቃድ ሳይጠየቅ። ወደፊት የሚመጣው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከባዱንና ውዱን ክፍል ኮምፒውተሩ ላይ፣ የእጁን ክፍል በጭቃና በክር። ሞተሩ በሥርዓቱ፣ በፈቃድ፣ በሚመለከተው ሰው እጅ የሚመጣበት ቀን ቢመጣ ልጆቹ ዝግጁ ሆነው ይጠብቁታል።

ጋሽ ሮኬት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሯል። ባለፈው ወር የፓራሹቱን ክር መቋጠር አቃታቸው። ሦስቴ ሞከሩ። ያቺ ፕሮትራክተር ያዥዋ ልጅ አጠገባቸው ነበረች፣ ምንም ሳትል ከእጃቸው ወሰደችና ቋጠረችው። እሳቸውም ምንም አላሉም። በማግሥቱ ግን ከመደርደሪያው ላይ አንዱን ያልተከፈተ ማሸጊያ አውርደው ሰጧት። ቢግ በርታ ይባላል፣ ረጅም፣ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሮኬት ነው። ሞተር የለውም። ታውቃለች። ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሠራችው፣ እሳቸው አጠገቧ ቡናቸውን እየጠጡ፣ አንዳንዴ «ሙጫው በዛ» እያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ልጅ መጣ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሠራውን ጠርሙስ አቅፎ። ወደ ጋሽ ሮኬት ሮጠ። እሳቸው ከወንበራቸው አልተነሡም፣ በአገጫቸው ወደ ልጅቷ አመለከቱት። ጠርሙሱን ተቀበለችው። ጣቷ ላይ አጋደመችው፣ ክሩን አሰረች፣ ማዞር ጀመረች። በጭራው ዞረ። ቆመችና ልጁን «ና፣ ጭቃ አምጣ» አለችው።